ርካሽ የሶፍትዌር ፈቃድና የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል





በምሥረታ በዓል ላይ ስለ ብቅል ገብስ፣ ስለ ባቄላና ምስር፣ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ከማሳ ራቅ ያለ ይመስላል። ርእሱ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ፈቃድ፣ በተለምዶ ላይሰንስ የሚባለው ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። አንድ የአንኮበር ወረዳ አርሶ አደር በአህያ ጭኖ ለመሠረታዊ ማኅበሩ ያስረከበው ገብስ ደብረ ብርሃን ባለው የዩኒየን ጽሕፈት ቤት የሚታወቀው በአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ስም፣ ኩንታል፣ ዋጋና ቀን። ያ መስመር ከጠፋ ወይም በስውር ከተለወጠ ገብሱ በመጋዘን ቢኖርም የአርሶ አደሩ መብት ይናጋል። ስለዚህ ያ መስመር የተቀመጠበት ዕቃ በምን ቁልፍ እንደተዘጋ መጠየቅ የአባላቱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በየዓመቱ የበጀት ጊዜ ሲደርስ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ለሶፍትዌር ይህን ያህል ለምን ይከፈላል? ርካሹ አይበቃም ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚከፈለው የአባላት ገንዘብ ስለሆነ መጠየቅም ይገባዋል። ችግር የሚመጣው ጥያቄው በዋጋው ላይ ብቻ ቆሞ ሲቀር ነው። ርካሹ ፈቃድ የሚቀንሰው ዋጋን ብቻ ካልሆነ፣ ከዋጋው ጋር የትኛው ቁልፍ አብሮ እንደሚሄድ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከደረሰኝ ወደ ኮምፒውተር

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲመሩም ሆነ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተዳደሩ አንድ መሠረታዊ ነገር አልተለወጠም። ማኅበሩ የአባላቱ ነው፤ ሂሳቡም ይመረመራል፣ ለአባላቱም ይገለጻል። ይህን እውን ሲያደርግ የኖረው ወረቀት ነው። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገቡ በየመጋዘኑ የታወቀ ሥርዓት ነው። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር አለው፤ ቀሪው በጥራዙ ላይ ይቆያል። የተበላሸ ደረሰኝ እንኳ ተቀዶ አይጣልም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ በቦታው ይቀራል። በብዙ ቦታም መጋዘኑ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ሠራተኛው ሌባ ነው ከሚል ጥርጣሬ የመነጨ አይደለም። ታማኙ ሠራተኛ በሐሰት እንዳይጠረጠር፣ የተሳሳተውም ስሕተቱ በጊዜ እንዲታይ የተደረገ ነው።

ሂሳቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ይህ ሥርዓት አብሮ መዛወር ነበረበት። በኢትዮጵያ በሂሳብ ሠራተኞች ዘንድ ስሙ የታወቀው ሶፍትዌር ፒችትሪ ነው። አምራቹ ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለሙያው ግን በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ይህ ሶፍትዌር በእርከን ይሸጣል። ፕሮ የተባለው እርከን ለ1 ተጠቃሚ ብቻ ነው። ፕሪሚየም እስከ 5፣ ኳንተም የተባለው ከፍተኛ እርከን ደግሞ እስከ 40 ተጠቃሚዎች ያስተናግዳል። ለየሥራ ድርሻው የተለየ የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራርም የሚገኘው በከፍተኛው እርከን ነው።

እንግዲህ ለ1 ሰው የተሠራው እርከን በርካሽ ተገዝቶ ሦስት ሠራተኞች በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ቢሠሩበት ምን ይሆናል? ሦስት ሰዎች በአንድ ፊርማ እንደመፈረም ይሆናል። የሂሳብ ልዩነት በተገኘ ዕለት ኦዲተሩ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ሦስቱም ይጠረጠራሉ፤ ንጹሑም ንጽሕናውን የሚያሳይበት ማስረጃ ያጣል።

በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀር ዱካ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ሁኔታ ጥሩ ማስረጃ ነው። ባንኩ እንደገለጸው ችግሩ የተፈጠረው ከውጭ በተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ በተደረገ የማሻሻያ ሥራ ሳቢያ ነበር። በአንድ ሌሊት 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ወጣ ወይም ተዘዋወረ። ይሁንና አብዛኛው ገንዘብ ሊመለስ ችሏል። ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ሂሳብ እንደወሰደ መዝገቡ ያሳይ ስለነበር ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ይፋ እስከ ማድረግ ደርሷል። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ማንን ይጠይቅ ነበር? ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዩኒየንም ይሠራል። ስሕተትም ሆነ ስርቆት ሊደርስ ይችላል፤ የሚመለሰው ግን ዱካው የተጠበቀው ብቻ ነው።

ዋጋው ለምን ከበደ?

የሶፍትዌር ዋጋ የቦርድ አጀንዳ እስከ መሆን የደረሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የአሸጣጡ መለወጥ ነው። ቀድሞ ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ይሠራበት ነበር። አሁን አብዛኛው እንደ ቤት ኪራይ ሆኗል፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ፣ በሰው ቁጥር ይከፈልበታል። ክፍያው ሲቋረጥ አገልግሎቱም ይቋረጣል።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዶላር ያልተለወጠ ዋጋ በብር እጥፍ ሊሆን ችሏል ማለት ነው። ገቢውን በብር የሚያገኝ ዩኒየን ወጪውን መልሶ ቢመረምር የሚደንቅ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ምርመራው «የትኛው ይቀነስ?» ወደሚለው ሲደርስ ነው።

ከዋጋው ጋር የሚሄደው ምንድን ነው?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ለጽሕፈት፣ ለኢሜይልና ለፋይል ማስቀመጫ በብዙ አገር የሚሠራበት ማይክሮሶፍት 365 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተለያዩ እርከኖች ይቀርባል። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የዋጋ ማስተካከያ መሠረት በዓመታዊ ውል ቢዝነስ ቤዚክ ለአንድ ሰው በወር 6 ዶላር፣ ቢዝነስ ስታንዳርድ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ቢዝነስ ፕሪሚየም ደግሞ 22 ዶላር ሆኖ ነበር። ኩባንያው ዋጋውን በየጊዜው ስለሚከልስ ከመወሰኑ በፊት ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእርከኖቹ ልዩነት ግን በዚህ ይታያል።

ቤዚክ ኢሜይል፣ የፋይል ማስቀመጫና በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ የወርድና የኤክሴል ገጾችን ይሰጣል። በኮምፒውተሩ ላይ ተጭነው የሚሠሩት ፕሮግራሞች የሚገኙት ከስታንዳርድ ጀምሮ ነው። ፕሪሚየም በዚህ ላይ የደኅንነት ቁልፎችን ይጨምራል። የመጀመሪያው የድርጅቱን ላፕቶፖችና ስልኮች ከማዕከል የሚቆጣጠር፣ የጠፋውንም ከርቀት የሚያጸዳ አሠራር ነው። ሁለተኛው ማን፣ ከየት፣ በምን ዓይነት መሣሪያ መግባት እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስን ደንብ ነው። ሦስተኛው በኮምፒውተሩ ላይ ያልተለመደ ሁኔታ ሲታይ የሚያስጠነቅቅና የሚያግድ መከላከያ ነው። አራተኛው ደግሞ ምሥጢራዊ ሰነድ ከድርጅቱ ውጭ እንዳይከፈት የሚያደርግ ምልክት ነው።

እንግዲህ ከ22 ዶላር ወደ 6 ዶላር የወረደ ድርጅት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ዋጋ አተረፈ፤ እነዚህንም ቁልፎች አስረከበ። ይህ ምርጫ የገጠመው በንግድ ላይ ያሉትን ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች እስከ 10 የሚደርስ የፕሪሚየም ፈቃድ በነጻ ይሰጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ስጦታው ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ እንደሚቆም አስታወቀ። በነጻ የቀረላቸው ቤዚክ ሲሆን፣ ፕሪሚየምን የሚፈልግ በቅናሽ እንዲገዛ ተደረገ። በዚህም ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ድርጅቶች ከነጻው ጋር ቁልፎቹን መተው ወይም በጀት ፈልገው መግዛት ግድ ሆነባቸው። በነጻ የመጣ ቁልፍ እንኳ አንድ ቀን ዋጋ እንደሚጠየቅበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቁልፉ ሲጎድል በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

እነዚህ የደኅንነት አሠራሮች በሻጭ ወረቀት ላይ ሲነበቡ ለከተማ ባንክ እንጂ ለገበሬ ማኅበር የተሠሩ አይመስሉም። በሥራ ላይ ሲታዩ ግን ሌላ ነው።

አንድ የግዢ ሠራተኛ በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ላፕቶፕ ይዞ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አንኮበር ይሄዳል እንበል። በላፕቶፑ ላይ የአባላት ስም፣ የስልክና የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ። በመመለሻው ላይ ቦርሳው ከመኪና ላይ ጠፋ። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ያለው ቢትሎከር የተባለ ምሥጠራ በርቶ ከነበረ ያገኘው ሰው የሚይዘው ባዶ ዕቃ ነው። የማዕከል ቁጥጥሩ ካለ ደግሞ መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ እንዲጸዳ ከደብረ ብርሃን ማዘዝ ይቻላል። ቢትሎከር ለቤት አገልግሎት በተዘጋጀው ዊንዶውስ ሆም ላይ በሙሉ አቅሙ አይገኝም። ኩባንያው በአሜሪካ ገበያ ሆምን በ139፣ ፕሮን በ199 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። ስለዚህ 60 ዶላር ለማትረፍ የአባላት ዝርዝር ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመግቢያ በር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር ወደ ሸዋ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ በኩል ያልፍ ነበር። በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ይታያል፤ ቀረጡንም ይከፍላል። በኮምፒውተርም የመግቢያ ደንብ ሥራው እንዲሁ ነው። የሂሳብ ሹሙ ስምና የይለፍ ቃል ተሰርቆ ከማይታወቅ አገር፣ በማይታወቅ መሣሪያ ሊገባ የሚሞክር ሰው ኬላው ላይ ይያዛል። ደንቡ ከሌለ ግን የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉን አንብቦ፣ ጊዜ ጠብቆ፣ በሻጩ ስም «የባንክ ሂሳባችን ተለውጧል፤ ክፍያውን በዚህ ቁጥር ላኩ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በዓለም ላይ በኢሜይል ከሚፈጸሙት የማጭበርበር ድርጊቶች ብዙ ገንዘብ የሚወስደው ይህ ዓይነቱ ነው። የማዳበሪያ ማጓጓዣ ወይም የከረጢት ግዢ ክፍያ የሚፈጽም ዩኒየን ከዚህ ውጭ አይደለም።

ሦስተኛው የኔትወርክ ነገር ነው። ርካሹ እርከን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ሥራ የለም። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረ የሚረሳ አይደለም። በዚያ ጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራምና በእጅ ላይ ያለ ቅጂ ያለው መሥሪያ ቤት ሥራውን መቀጠል ይችላል፤ ሁሉን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያኖረ ግን መዝገቡን ማየት እንኳ ይቸገራል። ይህ የደኅንነት ጉዳይ አይመስልም ይሆናል፤ ነገር ግን መዝገብ በሚያስፈልግበት ቀን አለመገኘቱም አንዱ የመጥፋት ዓይነት ነው።

እጅግ ርካሹ እጅግ ውድ ሲሆን

ከሁሉ የረከሰው ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር ነው። ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ የሚዞረው ቅጂ በብዙ ቢሮ አለ። ባለቤቱ «በነጻ ይሠራል» ይላል። ይሁን እንጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት የአእምሮ ሥራ ነው። ሕግ አክብሮ ሊሠራ የተቋቋመ ማኅበር በተሰበረ ቅጂ ሂሳቡን መያዙ በራሱ የሚያስነቅፍ ነው።

ከሕጉም በላይ የሚያሰጋ ነገር አለ። ቁልፉን የሰበረው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከውስጥ ምን እንዳስገባም አይታወቅም። ብዙ ጊዜም ቅጂው እንዲጫን ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ይጠየቃል። ይህ ማለት ዘበኛውን አሰናብቶ እንግዳ እንደማስገባት ነው። የተሰበረው ቅጂ እንዳይታወቅ ሲባል የማሻሻያ በሩም ይዘጋል።

ማሻሻያ መቅረት የሚያስከትለውን ጉዳት ዓለም በግንቦት 2009 ዓ.ም. አይቷል። ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ይዞ፣ ፋይሎችን ቆልፎ፣ በየኮምፒውተሩ ከ300 ዶላር ጀምሮ ቤዛ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። የሚያስቆጨው ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም.፣ በአገልግሎት ላይ ለነበሩት የዊንዶውስ ዓይነቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወጥቶ መቆየቱ ነው። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብዙዎች ማሻሻያውን የጫኑት ከጉዳቱ በኋላ ነበር።

ዕድሜው ያለፈ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ በማግስቱ ይነሣል፤ ፒችትሪውም ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም የተለወጠ አይመስልም። የተለወጠው ነገር አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው አለመኖሩ ነው። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች ዊንዶውስ 10ን በክፍያ ማደሱን ለመቀጠል ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር የጠየቀ ሲሆን፣ ዋጋው በየዓመቱ በእጥፍ እንዲጨምር አድርጓል። ይህም ጊዜ መግዣ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ «ውድ ግዙ» የሚል ምክር ተደርጎ እንዳይወሰድ። በነጻ የሚገኝና በሕግም በደኅንነትም የማያሳማ ሶፍትዌር አለ። ሊብሬ ኦፊስ ለጽሕፈትና ለሠንጠረዥ ሥራ በነጻ ይሰጣል። ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የሚወጡት ቅጂዎቹ ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ። ደብዳቤ ለሚጽፍ ኮምፒውተር ይህ ከተሰበረ ዊንዶውስ እጅግ የተሻለ ነው። ችግሩ እንደ ፒችትሪ ያሉ ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞች በሊነክስ ላይ እንደ ልብ የማይሠሩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሁሉን ኮምፒውተር ወደ ነጻው ማዞር ባይቻል እንኳ የጸሐፊውንና የሥልጠና ክፍሉን ማዞር ሊታሰብ ይችላል።

በሌላ በኩል ውድ ፈቃድ ገዝቶ አለመጠቀምም ብክነት ነው። የፕሪሚየም ቁልፎች ባለሙያ ካላስተካከላቸው አብዛኞቹ በራሳቸው አይቆልፉም። በ22 ዶላር ተገዝቶ እንደ 6 ዶላሩ የሚሠራበት ፈቃድ የተቆለፈ በር አይሆንም፤ በኪስ የተቀመጠ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ከፈቃዱ ዋጋ ጎን የሚያስተካክለው ባለሙያ ድካምና የሠራተኞቹ ሥልጠና በጀት ሊያዝለት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሙያ የሚያስተምር በመሆኑ ለአካባቢው ማኅበራት ሙያው ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም።

ሂሳቡ በወረቀት ላይ

አንድ ዩኒየን 10 የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች አሉት እንበል። ዶላሩም ለስሌት እንዲመች በ150 ብር ይታሰብ፤ ግብርና የሻጭ ክፍያ አልተጨመረም።

ሁሉም ፕሪሚየም ቢሆኑ፣ በዓመት 2,640 ዶላር ወይም 396,000 ብር።
ሁሉም ቤዚክ ቢሆኑ፣ በዓመት 720 ዶላር ወይም 108,000 ብር።
አራቱ ፕሪሚየም፣ ስድስቱ ቤዚክ ቢሆኑ፣ በዓመት 1,488 ዶላር ወይም 223,200 ብር።

በአንድ ድርጅት ውስጥ እርከኖቹን ቀላቅሎ መግዛት ይፈቀዳል። ይህን ብዙዎች አያውቁም፤ ሻጩም ካልተጠየቀ ላይናገር ይችላል። አራቱ ሰዎች እነማን ናቸው? ክፍያ የሚያጸድቀው ሥራ አስኪያጅ፣ የሂሳብ ኃላፊው፣ ገንዘብ ያዡና ላፕቶፕ ይዞ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት የሚወርደው የግዢ ሠራተኛ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ የክፍያ ሰነድም ሆነ የአባላት ዝርዝር የማይነኩ ከሆነ በርካሹ መሥራት ይችላሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ለጽሕፈት ሥራቸው ሊብሬ ኦፊስ ይረዳቸዋል።

በዚህ አካሄድ ዩኒየኑ ሁሉን በፕሪሚየም ከሚገዛ 172,800 ብር ያተርፋል። ሁሉን በቤዚክ ከሚገዛ ደግሞ 115,200 ብር ይጨምራል። ይህ 115,200 ብር ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ የአባላት ላብ ነው። ነገር ግን መመዘን ያለበት በሐሰት ኢሜይል ወደ ሌላ ሂሳብ ሊላክ ከሚችለው የአንድ ጊዜ የግዢ ክፍያ ጋር ነው። ገንዘብ ያዡ የያዘውን ሰነድ ለመጠበቅ የሚወጣ ወጪ የመጋዘን ጥበቃ ወጪ ነው እንጂ የቅንጦት አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቁ ቁልፎች

በጀቱ ለዘንድሮ ፈጽሞ የማይፈቅድ ከሆነም ዩኒየኑ ባዶ እጁን አይደለም። በርካሹ እርከንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠሩ ነገሮች አሉ።

1. ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያ። ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ ላይ የሚወጣ ቁጥር ይጠየቃል። ይህ በቤዚክም አለ። ቁጥሩን የሚያወጣው የስልክ ፕሮግራም የስልክ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ብቻውን በሩን እንዳይከፍት የሚያደርግ በመሆኑ ቀዳሚ ሊሆን ይገባዋል።

2. ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስም። የጋራ የይለፍ ቃል መቅረት አለበት። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የክሊራንስ ወረቀቱ ሳይፈረም በፊት መግቢያው ይዘጋ።

3. ቅጂ ማስቀመጥ። የሂሳቡ ፋይል በየሳምንቱ ከኮምፒውተሩ በሚነቀል ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ዲስኩም በሌላ ክፍል፣ በቁልፍ ይቀመጥ። ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም ያልተሰካ ዲስክ ላይ አይደርስም። በዓመት ሁለቴም ቅጂው ተከፍቶ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑ ይረጋገጥ።

4. የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በስልክ ማጣራት። በኢሜይል የመጣ የባንክ ሂሳብ ለውጥ በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን አስቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ተደውሎ ይጣራ፤ ክፍያውም በሁለት ሰው ይጽደቅ።

5. ማሻሻያና ፍላሽ። ኮምፒውተሮቹ በወቅቱ ይታደሱ። ከየቦታው የመጣ ፍላሽ በሂሳብ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። ፋይልን ደብቆ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚተወው ቫይረስ ስንቱን ሥራ እንዳስተጓጎለ በየቢሮው የታወቀ ነው።

እነዚህ አምስቱ ፕሪሚየሙን አይተኩም። የጠፋ ላፕቶፕ አያጸዱም፤ የመግቢያ ኬላም አይሆኑም። ያለ እነዚህ የተገዛ ፕሪሚየም ግን አጥሩ ፈርሶ በሩ እንደተቆለፈ ግቢ ነው።

ውሳኔው የማን ነው?

ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ምርጫ ለኮምፒውተር ባለሙያው ወይም ለግዢ ክፍሉ ይተዋል። ባለሙያው የተሻለውን ይጠይቃል፤ ግዢው ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል፤ በመካከል የቀረው ቁልፍ በማንም ስም ሳይመዘገብ ይጠፋል። ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

ስለዚህ እርከን ዝቅ ሊል ሲታሰብ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ተመልሰው ለቦርዱ ይቅረቡ። አንደኛ፣ በዚህ ለውጥ በስም የሚጠፋው የትኛው አሠራር ነው? ሁለተኛ፣ ያ አሠራር እስከ ዛሬ የማንን ሥራና የትኛውን ሰነድ ሲጠብቅ ነበር? ሦስተኛ፣ በምን ይተካል፣ ለመተካቱስ ኃላፊው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ ቅናሹ ገና ቅናሽ አልሆነም። ቦርዱ መልሶቹን አይቶ ርካሹን ቢመርጥ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም በዓመቱ መጨረሻ የተባለው ተፈጽሞ እንደሆነ ይመርምር። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን በአግባቡ እንዲጠብቅ ግዴታ ስለሚጥል፣ «አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስ ከእንግዲህ የሚያዋጣ አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከመሠረታዊ ማኅበራት መሥራቾች ብዙዎቹ ሞዴል 19 ሲቆረጥ ቆመው ያዩ፣ ሚዛኑ ላይ ዓይናቸውን የጣሉ፣ ደረሰኛቸውን በጥንቃቄ አጥፈው በኪሳቸው የያዙ አርሶ አደሮች ናቸው። ዛሬ ሚዛኑ ወደ ስክሪን ገብቷል፤ ሁሉም ቆሞ ሊያየው አይችልም። የማያየውን ነገር ሌሎች እንዲጠብቁለት አምኖ ሰጥቷል። ለአንድ ዓመት የሶፍትዌር በጀት ሲቀነስ ሊታሰብ የሚገባው ያ በኪስ የታጠፈ ደረሰኝ ነው። ወጪ መቆጠብ መልካም ነው፤ የሚቆጠበው ግን የአርሶ አደሩ ደረሰኝ ከተቆለፈበት ሣጥን ላይ ሁለተኛውን ቁልፍ በመንቀል እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ለዩኒየኑ አባላት በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን!